ወንድሜ ያመጣልኝ የቻይና በራድ የእጅ ሥራ ነው?

ጥያቄ፦ ናንጂንግ የሚማረው ወንድሜ ለእረፍት ሲመጣ ቡናማ የሸክላ የሻይ በራድ አመጣልኝ። ከጡጫ አይበልጥም። ሥሩ ላይ የቻይንኛ ማህተም አለው። "ሙሉ በሙሉ በእጅ የተሠራ ነው" ተብሎ 300 ዩዋን ከፍሏል። ተሸውዶ ይሆን? በምንስ ልጠበው? ቀረፋና ቅርንፉድ ባደርግበትስ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ማህተሙን ለጊዜው ይርሱት። ማህተም ማንም ይቀርጻል። ጉ ጂንግጆ የሚባሉ ታላቅ የሸክላ በራድ ባለሙያ ነበሩ፤ በ1996 እ.ኤ.አ. አርፈዋል። ከበራዶቻቸው አንዱ በ2010 ቤጂንግ ውስጥ ከ12 ሚሊዮን ዩዋን በላይ በጨረታ ተሸጠ። ከዚያ ወዲያ የእሳቸውን ስም የማይመታበት በራድ የት አለ?

ያልተቀባ ቡናማ ሸክላ ከሆነ፣ ናንጂንግ በምትገኝበት በዚያው በጂያንግሱ ግዛት ባለችው በዪሺንግ ከተማ ዓይነት የተሠራ ነው። አፈሩ ዚሻ ይባላል፤ ብረት የበዛበት ነው። በእጅ ሲሠራ ጭቃው በእንጨት ተመትቶ እንደ ቀበቶ ይሳሳል። ከዚያ ጫፍና ጫፉ ይገጠማል። ባለሙያው የአንድ እጁን ጣቶች ከውስጥ አስገብቶ፣ በሌላው ከውጭ በጠፍጣፋ እንጨት እየመታ ሆዱን ያወጣዋል። ስለዚህ የሞባይልዎን መብራት አብርተው ውስጡን ይዩ። በእጀታው በኩል ከላይ ወደ ታች የወረደ ስስ የመጋጠሚያ መስመር ካለ ደስ ይበልዎት። አንዳንዱ ባለሙያ ግን አሽቶ ያጠፋዋል።

እውነቱን ልንገርዎት፣ በ300 ዩዋን ሙሉ የእጅ ሥራ ማግኘት ይከብዳል። ገላው በቅርጽ ማውጫ ተሠርቶ፣ እጀታውና መቅጃው በእጅ የተለጠፈ ይመስለኛል። እና ምን ይጠበስ? እኔ በየቀኑ የምቀዳው እንዲህ ባለው ነው።

ዋናው ፈተና ውሃ ነው። መጀመሪያ ክዳኑን በዝግታ ያዙሩት፤ የትም ቦታ መያዝ የለበትም። ከላይ ሆነው ሲያዩት መቅጃው፣ የክዳኑ ጉብታና እጀታው አንድ መስመር ላይ ይዋሉ። ከዚያ ውሃ ሞልተው ይቅዱ። ጥሩ በራድ ውሃውን ሳይበትን ያወርዳል፤ ቀና ሲያደርጉት ደግሞ ወዲያው ይቆርጣል፣ አገጩ ላይ አያንጠባጥብም። እየቀዱ የክዳኑን ቀዳዳ በጣትዎ ይድፈኑት። ውሃው መውረዱን ካቆመ ክዳኑ ልኩን ገጥሟል ማለት ነው። (ልጆች ይሄን ሲያዩ አስማት ይመስላቸዋል።) በመጨረሻ የፈላ ውሃ አድርገው ያሽትቱት። የጫማ ቀለም ወይም የሰም ሽታ ካለው ሻይ አይጠጡበት፤ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጡት።

ለማጠቢያ ሙቅ ውሃ ብቻ ይበቃል። ሳሙና አያስጠጉት፤ ቅብ ስለሌለው ሽታ ይይዛል። ቀረፋና ቅርንፉድም የማይሆነው ለዚሁ ነው፤ አንዴ ከገባበት ሌላው ሻይ ሁሉ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይላል። ቅመሙን በብረቱ በራድ ያፍሉ። ይሄኛውን እሳት ላይ አይጣዱት፤ ውሃው ሌላ ዕቃ ላይ ፈልቶ ነው የሚገባው። ተጠቅመው ሲጨርሱ ክዳኑን ከፍተው ያድርቁት።

ደቃቁ የሱቅ ሻይ የመቅጃውን ቀዳዳ ይደፍንብዎታል። ሙሉ ቅጠል ነው የሚያስፈልግዎት። ወንድምዎ በሚቀጥለው ሲመጣ ሌላ በራድ ሳይሆን ኡሎንግ የሚባለውን የቻይና ሻይ ቅጠል ያምጣልዎት።