ሲሪየስና የተደበቀው ጓደኛው፦ ጥያቄና መልስ

ከደሴና ከኮምቦልቻ ስለ ሲሪየስ የቀረቡልኝን ጥያቄዎች በየተራ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ በየካቲት ምሽት ከደሴ በስተደቡብ የሚታየው ደማቅ ኮከብ ቀለሙ የሚለዋወጠው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ሲሪየስ ነው፤ በወሩ አጋማሽ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ከአድማስ 62 ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል። ቀለሙን የሚለዋውጠው የእኛው አየር ነው እንጂ ኮከቡስ ነጭ ነው።

ጥያቄ፦ ጓደኛ ኮከብ እንዳለው እንዴት ታወቀ?

መልስ፦ ጀርመናዊው ፍሬድሪክ ቤሴል ሲሪየስ በሰማይ ላይ የሚጓዝበት መንገድ ቀጥ ያለ ሳይሆን የሚወላገድ ሆኖ ስላገኘው፣ የማይታይ ከባድ አካል እየጎተተው መሆን አለበት ሲል በ1844 እ.ኤ.አ. አስታወቀ። አልቫን ግራሃም ክላርክ አዲስ ቴሌስኮፕ ሲፈትሽ ጓደኛውን በዓይኑ ያየው ከ18 ዓመት በኋላ ነው። ክብደቱ ከብርሃኑ ቀድሞ መታወቁ እኔን ዘወትር ይደንቀኛል።

ጥያቄ፦ 8.6 የብርሃን ዓመት (ብርሃን በ8.6 ዓመት የሚጓዘውን ያህል) የራቀ ኮከብ መጠነ ቁሱ በምን ይለካል?

መልስ፦ ሁለቱ ኮከቦች እርስ በርስ በሚያደርጉት ዙረት ነው። አንድ ዙር 50.1 ዓመት ይፈጃል፤ አማካይ ርቀታቸው ደግሞ ከፀሐይ እስከ መሬት ያለው ርቀት 19.8 እጥፍ ነው። 19.8ን ሦስት ጊዜ እርስ በርሱ አባዝተን፣ 50.1 በራሱ ተባዝቶ ለሚሰጠው ብናካፍለው 3.1 ያህል እናገኛለን፤ ይህም በፀሐይ መጠነ ቁስ ሲለካ የሁለቱ ድምር ነው። ሲሪየስ ለጋራ ማዕከላቸው በእጥፍ ስለሚቀርብ 2.06ቱ የእርሱ ድርሻ ሲሆን፣ 1.02ቱ የጓደኛው ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ፀሐይን የሚያህል ቁስ ይዞ ለምን ደበዘዘ?

መልስ፦ ስለሚያንስ ነው። የገጹ ሙቀት 25,000 ዲግሪ ያህል ሆኖ 10,000 ገደማ ከሆነው ከሲሪየስ ሙቀት ቢበልጥም፣ ስፋቱ ከመሬት ጥቂት ያነሰ በመሆኑ ብርሃን የሚያወጣበት ገጽ ጠባብ ነው፤ ለዓይን ከሲሪየስ ወደ 9,000 ጊዜ ያህል ይደበዝዛል። በወጣትነቱ ከሁለቱ ከባዱ እርሱ ነበር፤ ስለዚህም ነዳጁን ቀድሞ ጨርሶ፣ የውጭ አካሉን በትኖ፣ ነጭ ድንክ የሚባለው ፍም እምብርቱ ብቻ ቀረ። ከዚህ እምብርት አንድ የሻይ ማንኪያ ሙሉ እዚህ ቢመዘን፣ የሐረጎን ቁልቁለት ከነ ጭነቱ እንደሚወርድ አይሱዙ ከ10 ቶን በላይ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ በቴሌስኮፕ ይታያል?

መልስ፦ ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቴሌስኮፕና የረጋ አየር ካገኙ ይታያል፤ በዚህ አሥር ዓመት ከሲሪየስ ርቆ ስለሚገኝ ጊዜውም ምቹ ነው። የሚያስቸግረው የሲሪየስ ጮራ ነው። ቴሌስኮፑን ሳያንቀሳቅሱ ሲሪየስ በምዕራብ በኩል ከእይታው ክብ እስኪወጣ ይጠብቁ፤ ጓደኛው በምሥራቅ በኩል ስለሚከተለው አንድ ሰከንድ ላልሞላ ጊዜ ብቻውን ይቀራል።