የጉድጓድ ውኃና የኮሊፎርም ምርመራ፦ ለአንባቢ ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ጥያቄ፦ ቤተሰባችን የሚጠጣው ከግቢያችን ጉድጓድ ነው። ውኃው ጥርት ያለ ነው፤ ሽታም ሆነ የተለየ ጣዕም የለውም። ለጥንቃቄ ብዬ ባስመረምረው «ጠቅላላ ኮሊፎርም ተገኝቷል፤ ኢ. ኮላይ አልተገኘም» የሚል ውጤት ተሰጠኝ። ናሙናውን የቀዳሁት የታሸገ ውኃ በነበረበት ፕላስቲክ ጠርሙስ ሲሆን፣ ቤት አድሮ በማግስቱ ነው ላቦራቶሪ ያስገባሁት። ውጤቱ ይታመናል? ውኃውንስ መጠጣት እንችላለን?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በዚህ ውጤት ላይ ብቻ ተመሥርቶ ስለ ጉድጓድዎ መፍረድ አይቻልም። ኮሊፎርም ባክቴሪያዎች በአፈርና በዕፅዋት ላይም ስለሚኖሩ፣ የተገኙት ከጉድጓዱ ሳይሆን ከጠርሙሱ ወይም ከክዳኑ የገቡ ሊሆኑ ይችላሉ። በሌላ በኩል ናሙናው ሳይቀዘቅዝ በማደሩ ባክቴሪያዎቹ ተራብተው ወይም ሞተው ሊሆን ስለሚችል፣ «አልተገኘም» የተባለውም ቢሆን አስተማማኝ አይደለም።

ስለዚህ ምርመራው መደገም አለበት። ከላቦራቶሪው ከተህዋስያን የጸዳ የናሙና ጠርሙስ ይውሰዱ፤ ውኃው ክሎሪን ከገባበትም አስቀድመው ይንገሯቸው። ለእንዲህ ዓይነቱ ውኃ ጠርሙሱ ውስጥ ሶዲየም ታዮሰልፌት የሚጨመረው፣ ክሎሪኑ በጉዞ ላይ ባክቴሪያዎቹን መግደሉን እንዲያቆም ነው፤ በዚህም ምክንያት ጠርሙሱን ማለቅለቅ አይገባም። የሚቀዱት ከቧንቧ ከሆነ አፉ ላይ ያለውን ወንፊት አውልቀው፣ አፉን በፀረ ተህዋስያን አጽድተው፣ ውኃውን ለጥቂት ደቂቃዎች ካፈሰሱ በኋላ ይቅዱ። እጅዎ የጠርሙሱን አፍና የክዳኑን ውስጥ እንዳይነካ፣ ክዳኑም መሬት ላይ እንዳይቀመጥ ይጠንቀቁ። ከዚያም ናሙናውን በበረዶ ሣጥን ይዘው በተቻለ ፍጥነት፣ ቢዘገይ ቢዘገይ 24 ሰዓት ሳይሞላው ያስረክቡ። ይህ ሁሉ የተጋነነ ጥንቃቄ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን የላቦራቶሪው ሥራ የቱንም ያህል የተዋጣ ቢሆን የተበላሸ ናሙናን አያስተካክልም።

ሁለቱ የውጤት ቃላት ክብደታቸው እኩል አይደለም። ውኃ የሚያስተላልፋቸውን በሽታ አምጪ ተህዋስያን አንድ በአንድ መፈለግ አድካሚና ውድ በመሆኑ፣ ላቦራቶሪዎች የብክለት ጠቋሚ የሆኑ ባክቴሪያዎችን ይፈልጋሉ። ከእነዚህ ውስጥ ኢ. ኮላይ በሰውና በደመ ሞቃት እንስሳት አንጀት ውስጥ የሚኖር ስለሆነ፣ በውኃ ውስጥ ከተገኘ ዓይነ ምድር በቅርቡ ወደ ውኃው እንደገባ ያመለክታል፤ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያም በ100 ሚሊ ሊትር የመጠጥ ውኃ ውስጥ ኢ. ኮላይ ፈጽሞ መገኘት እንደሌለበት ይደነግጋል። ጠቅላላ ኮሊፎርም ብቻውን ሲገኝ ግን ዓይነ ምድር መግባቱን አያረጋግጥም። የሚጠቁመው የላይ ውኃ ወይም አፈር ወደ ጉድጓዱ የሚገባበት ቀዳዳ ሊኖር እንደሚችል ነው፤ በተሰነጠቀ ክዳን ወይም በላላ መጋጠሚያ የሚገባውን ጎርፍ ደግሞ ነገ ዓይነ ምድር ሊከተለው ይችላል።

የውኃው መጥራት ምንም ማረጋገጫ አይሆንም። ባክቴሪያዎች በዓይን አይታዩም፤ ብዙዎቹም ሽታና ጣዕም አይሰጡም። በተለመደው የማጣሪያ ዘዴ 100 ሚሊ ሊትር ውኃ ቀዳዳው 0.45 ማይክሮ ሜትር በሆነ ስስ ወረቀት ላይ እንዲያልፍ ተደርጎ፣ ወረቀቱ ባክቴሪያ ለማሳደግ በተዘጋጀ ምግብ ላይ 35 ወይም 37 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ ሙቀት ሲያድር፣ የቀሩት ባክቴሪያዎች በዓይን የሚቆጠሩ መንጋዎች ይሆናሉ።

አዲሱ ውጤት እስኪደርስ ድረስ ለመጠጥ የሚሆነውን ውኃ ያፍሉት። አንድ ደቂቃ ሙሉ መንተክተኩ ይበቃል፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ግን ሦስት ደቂቃ ያስፈልጋል። ማፍላት ተህዋስያንን እንጂ እንደ ናይትሬት ያሉ ኬሚካሎችን ስለማያስወግድ፣ ሕፃን ካለ ናይትሬቱንም ለብቻው ማስመርመር ይገባል።

በትክክል የተወሰደው ናሙና እንደገና ኮሊፎርም ካሳየ፣ ጉድጓዱን በክሎሪን ከማከም በፊት ክዳኑ፣ ግድግዳውና በአቅራቢያው ያለው መጸዳጃ ቤት ይፈተሹ፤ መግቢያው ሳይደፈን የሚደረግ ሕክምና ለጥቂት ጊዜ ብቻ ይሠራልና። ከሕክምናው በኋላ ክሎሪኑ ሙሉ በሙሉ እስኪወጣ ጠብቀው ያስመርምሩ፤ ከከባድ ዝናብ በኋላም አንድ ጊዜ ይድገሙት፤ የጉድጓዱ ደካማ ጎን ብዙውን ጊዜ የሚታየው በዚያን ወቅት ነው።