ከአንድ እናት ዛፍ የተገኘ ቡና ቅጠሉ ለምን ተለያየ?

ጥያቄ፦ «ዘጌ ካሉ ዘመዶቼ ጓሮ፣ ከአንዲት እናት ቡና ዘር ለቅሜ ችግኝ አፈላሁ። ግማሹን በጓሮዬ በዋንዛና በብርብራ ሥር፣ ግማሹን በቆሎ አመርትበት በነበረው ገላጣ ማሳ ላይ ተከልሁ። ይኸው ሁለት ዓመት ሆነው። የጓሮው ቅጠሉ ሰፊና ጥቁር አረንጓዴ ነው። የማሳው ግን ትንንሽ፣ ጠንካራና ወደ ቢጫ ያደላ ሆነብኝ። ጎረቤቶቼ ‹ዘሩ ተቀላቅሎብሃል፤ ካልሆነም ታሟል፤ ንቀለው› ይሉኛል። ዕድሜዬ ገፍቷል፤ እንደገና ለመጀመር አቅሙ የለኝም። ምን ይሻለኛል?» ሜጫ አካባቢ ከሚኖሩ አርሶ አደር

መልስ፦ አባቴ፣ እባክዎ አንዱንም ችግኝ አይንቀሉ። የዓረቢካ ቡና አበባ በአብዛኛው ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል ከአንዲት እናት የተለቀመ ዘር እናቱን ይመስላል። ዘሩ ተቀላቅሎ ቢሆን ኖሮ ትንንሽ ቅጠል ያለውም ሰፊ ቅጠል ያለውም በጓሮውም በማሳውም ተበታትኖ ይገኝ ነበር። እርስዎ የነገሩኝ ልዩነት ግን ልክ ጥላው ባለቀበት ድንበር ላይ የተከፈለ ነው። ስለዚህ ልዩነቱን ያመጣው ብርሃኑ ነው።

ይህንን በዓይንዎ ማየት ይችላሉ። ከጓሮው አንድ ረጅም ቡና ይምረጡና ከአናቱ ፀሐይ ከሚነካው ቅርንጫፍ አንድ የበሰለ ቅጠል፣ ከታች ከተሸፈነው ደግሞ ሌላ ይቁረጡ። ሁለቱንም ወደ ሰማይ አንሥተው ይመልከቱ። የታችኛው ሰፊና ስስ ነው፤ ብርሃን ያሳልፋል። የላይኛው ጠበብ፣ ወፈር ያለ ነው፤ በጣት ሲያጥፉት ይከብዳል። አንድ ግንድ፣ አንድ ሥር፣ ሁለት ዓይነት ቅጠል!

ቡና በተፈጥሮው ከትልልቅ የደን ዛፎች ሥር የኖረ ተክል ነው። በጥላ ውስጥ ብርሃን ስለሚያጥረው ያገኘውን ሁሉ ለመቀበል ቅጠሉን ይዘረጋል፤ አረንጓዴ የሚያደርገውን ክሎሮፊል የተባለውንም ነገር ያበዛል። ገላጣ ላይ ደግሞ ብርሃኑ ከሚፈልገው በላይ ነው፤ የሚያሰጋው ሙቀትና የውኃ መትነን ነው። ስለዚህ ቅጠሉን ያሳንሳል፣ ያወፍራል፣ አረንጓዴነቱንም ይቀንሳል። የቡና ቅጠል የሚተነፍስባቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች በታችኛው ገጹ ብቻ ናቸው፤ አየሩ ሲደርቅ ይዘጋቸዋል። ማሽላ ደግሞ በቀትር ቅጠሉን ይጠቀልልና ሲመሽ ይዘረጋዋል፤ እርስዎ ይህን ከልጅነትዎ ጀምሮ ያዩት ነው። ችግሩ አንድ፣ መላው ሁለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልቤን ይከነክነዋል። አብዛኛው አርሶ አደር ሰፊና ጥቁር አረንጓዴ ቅጠል ሲያይ «ይኼ የጠገበ ነው» ይላል። የጓሮዎ ቡና ቅጠል የሰፋው ግን ብርሃን ስለራበውም ጭምር ነው። ጥላው ከበዛ በአንጓና በአንጓ መካከል ያለው ርቀት ይረዝማል፤ አበባውም ይቀንሳል። የማሳው ቡና ደግሞ አንጓው ይቀራረባል፤ ብዙ ያብባል። ከአቅሙ በላይ ካፈራ ግን ቅርንጫፉ ከጫፉ እየደረቀ ይመጣል፤ በተለይ ፍግና ኮምፖስት ካላገኘ። ምርጫው የእኔ ቢሆን በሁለቱ መካከል ያለውን፣ ብርሃን ተጣርቶ የሚወርድበትን ጥላ እመርጣለሁ።

ቢጫነቱ የብርሃን ብቻ መሆኑን ግን ያረጋግጡ። መላው ዛፍ እኩል ፈዘዝ ብሎ አዲስ ቅጠል እያወጣ ከሆነ ደህና ነው። አሮጌዎቹ የታች ቅጠሎች ቀድመው ከገረጡ አፈሩ ናይትሮጅን አንሶታል፤ ፍግ ይጨምሩ። ለጋው ቅጠል ቢጫ ሆኖ ጅማቱ አረንጓዴ ከቀረ ብዙ ጊዜ የብረት እጥረት ነው። ቅጠሉን ገልብጠው ብርቱካናማ ዱቄት ካዩ ደግሞ ያ የቅጠል ዋግ ነው፤ የቀበሌዎን የልማት ሠራተኛ ያሳዩ። ከእነዚህ አንዱም ካልታየ መድኃኒት አይርጩ፤ ገንዘብዎን ያተርፉ።

ሌላው ደግሞ ከሁሉ አጥብቄ የምነግርዎ ነው። በጥላ የበሰለ ቅጠል ወደ ፀሐይ ሲወጣ ተመልሶ አይወፍርም፤ ይነጣል፣ ከዚያ ቡናማ ሆኖ ይቃጠላል። ፀሐዩን የሚለምደው ገና የሚወጣው ቅጠል ነው። በአንድ ችግኝ ጣቢያ ዳሱን በአንድ ቀን አፍርሰው ያ ሁሉ የለፉበት ችግኝ በሳምንት ውስጥ ሲነጣ አይቼ አዝኛለሁ። ስለዚህ ወደፊት ችግኝ ካፈሉ ከመትከልዎ በፊት ባሉት ሁለት ወራት የዳሱን ሣር በጥቂት በጥቂቱ ያሳሱ። የጓሮዎን ዋንዛም በአንድ ጊዜ አይቁረጡ፤ ዝናብ ሲገባና ቡናው አዲስ ቅጠል ሲያወጣ ጥቂት ቅርንጫፍ፣ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ጥቂት ይመልምሉ።

ለማሳው በሰኔ በቡናው መደዳ መካከል የእርግብ አተር ይዝሩ፤ ፈጥኖ ጊዜያዊ ጥላ ይሰጣል። አብረው የሰሳ ዛፍ ይትከሉ፤ ቅጠሉ ደቃቅ ስለሆነ ብርሃኑን አጣርቶ ያወርዳል። ባሕር ዛፍ ግን በአጠገቡ አያድርሱ። ዝናቡ ከመውጣቱ በፊት በየቡናው ዙሪያ ጉዝጓዝ ያድርጉ፤ ግንዱን እንዳይነካ።

በየካቲትና በመጋቢት ደግሞ ማለዳ ማለዳ ማሳውን ይጎብኙ። በቀትር የጠወለገ ቅጠል ሲነጋ ቀና ብሎ ካገኙት ተቋቁሞታል። ማለዳም እንደጠወለገ ካገኙት ጥላው እስኪያድግ አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ውኃ ያጠጡት።