«ስኳሩን ለምጄው ነበር፣ አሁን ግን መረረኝ»

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 41 ነው፣ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ስኳር እንዳለብኝ ካወቅሁ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ኪኒኔን እውጣለሁ፣ ቀጠሮዬን አላሳልፍም። ግን ደከመኝ። ጣቴን መውጋት፣ ዛሬ እንጀራውን ስንት ልብላ እያሉ ማስላት፣ ለቅሶ ቤት ሄጄ በሰው ፊት «አንቺ እሱን አትንኪ» መባል። ባለፈው ወር ሳምንት ሙሉ ሳልለካ ከረምኩ፣ አልዋሽም፣ እፎይ ብዬ ነበር። ኋላ ግን ራሴን ስረግም ሰነበትኩ። ሐኪሙ ወረቀቱን አይቶ «ከፍ ብሏል፣ ምግብሽን አስተካክዪ» ይለኛል፣ በቃ ወጣሁ። ባለቤቴ የእምነት ማነስ ነው ይላል። እኔ ደግሞ ድብርት ይሆን እንዴ ብዬ ፈራሁ። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ከባለቤትሽ ሐሳብ ልጀምር። ይሄ ከእምነት ጋር አይገናኝም። ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ያለ አንድ ቀን ዕረፍት፣ ስለምትበይውና ስለምትውጪው እያሰብሽ ኖረሻል። ማንም ሰው ይደክመዋል።

ተመራማሪዎችም ይሄን ድካም ለይተው ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ1995 አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ዊልያም ፖሎንስኪና ባልደረቦቹ በጥያቄ መልክ የተዘጋጀ መለኪያ አወጡለት። ምን ምን ይጠይቃል መሰለሽ? ክትትሉ ሲዛነፍብሽ ጥፋተኝነት ይሰማሻል ወይ? ሰዎች ይሄን ብዪ፣ ያን አትብዪ ሲሉሽ ትቸገሪያለሽ ወይ? ወደፊት ምን ይደርስብኝ ይሆን ብለሽ ትሰጊያለሽ ወይ? የየቀኑ ልፋት አንገሽግሾሻል ወይ? ያንቺን የለቅሶ ቤት ታሪክ ሰምተው የጻፉት ነው የሚመስለው። በአማርኛ የተለመደ ስም ስለሌለው እኔ «የስኳር ምሬት» እለዋለሁ።

ብቻሽንም አይደለሽም። በ17 አገሮች ከ15 ሺህ በላይ ሕሙማን፣ የቤተሰብ አባላትና የጤና ባለሙያዎች የተጠየቁበት፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ትልቅ ጥናት አለ። ከሕሙማኑ 45 በመቶ ያህሉ ይሄው ምሬት ነበረባቸው። እኔን የከነከነኝ ግን ሌላው ቁጥር ነው። ከባለሙያዎቹ ግማሽ ያህሉ «ስኳሩ ኑሯቸውን እንዴት እንደነካው ታካሚዎቻችንን እንጠይቃለን» አሉ። ተጠይቀናል ያሉት ታካሚዎች ግን ከአራት አንድ ያህል ብቻ ናቸው። ስለዚህ ያንቺ ሐኪም አለመጠየቁ ያንቺ ዕድል ብቻ አይደለም፣ ግን ልክ ነው ማለትም አይደለም።

ድብርት ነው ወይ ላልሽው፣ ሁለቱ ይመሳሰላሉ እንጂ አንድ አይደሉም። ምሬቱ ከስኳሩ ጋር የተያያዘ ነው። ጣትሽን ስትወጊ ይመርርሻል፣ ከልጆችሽ ጋር ስትስቂ ግን ትስቂያለሽ። ድብርት ሁሉንም ነገር ያጠፋዋል። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ምንም ነገር ደስ ካላለሽ፣ እንቅልፍሽ ከተዛባ፣ ሞት ሞት ካሰኘሽ፣ ቀጠሮሽን ሳትጠብቂ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ሂጂ። ስኳር ያለባቸው ሰዎች ከሌለባቸው ሁለት እጥፍ ያህል ለድብርት እንደሚጋለጡ ጥናቶች አሳይተዋል፣ ደግሞም ይታከማል።

ሌላም ነገር ልንገርሽ። ስትጨነቂ ሰውነትሽ አድሬናሊንና ኮርቲሶል ያመነጫል፣ እነሱ ደግሞ ጉበትሽ ያጠራቀመውን ስኳር ወደ ደም እንዲለቅ ያደርጉታል። ቁጥሩ ሲወጣ ትጨነቂያለሽ፣ ስትጨነቂ ደግሞ ይወጣል። እና «ምግብሽን አስተካክዪ» የሚለው ምክር ብቻውን የትም አያደርስሽም።

በሚቀጥለው ቀጠሮሽ ሐኪሙ ወረቀቱን ሳያይ ቀድመሽ ተናገሪ። «ዶክተር፣ ከቁጥሩ በፊት አንድ ነገር ልንገርዎት፣ ስኳሩ አማሮኛል» በዪው። ካፈርሽ ጽፈሽ ስጪው። ከዚያ በሳምንት ስንት ጊዜ መለካት እንዳለብሽ ጠይቂው። ኢንሱሊን የማይወስድ ሰው ብዙ ጊዜ በየቀኑ ጣቱን መውጋት አያስፈልገውም፣ የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየው የደም ምርመራ ይበቃዋል። ግን ሳትጠይቂ አትተዪው፣ ምክንያቱም ግሊቤንክላማይድን የመሰሉ ኪኒኖች ስኳርን ከልክ በታች ሊያወርዱት ይችላሉ።

ባለቤትሽንም ይዘሽው ግቢ። ከመቆጣጠር ይልቅ አብሮሽ ማታ ማታ ይራመድ፣ የቤቱም ምግብ ለሁላችሁም አንድ ዓይነት ይሁን። ለብቻ በተከደነች ሳህን መብላት ሰውን እንዴት እንደሚያስከፋ እናቴ ላይ አይቼዋለሁ፣ ዓመታት አልፈውም ያቺ ሳህን ትታየኛለች። ጸበል ብትሄዱ ሂዱ፣ መድኃኒቱን ግን አታቋርጪ።

ጥያቄ፦ የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። እናቴ ደሴ ናት። አባቴ በሞተ በሦስተኛው ወር ስኳር ተገኘባት። «ድንጋጤው ነው ያመጣብኝ» ትላለች። እውነት ድንጋጤ ስኳር ያመጣል? በየቀኑ እየደወልኩ ስኳርሽ ስንት ነው እላታለሁ፣ አሁን አሁን ስልክ ማንሳት ትታለች።

መልስ፦ ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። በትልልቅ ሰዎች ላይ የሚታየው ሁለተኛው ዓይነት ስኳር ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ ለዓመታት ውስጥ ለውስጥ ይቆያል። ሐዘን ሲመጣ እንቅልፍ ይጠፋል፣ አበላል ይዛባል፣ ቅድም ያልኳቸው ሆርሞኖችም ስኳሩን ይገፉታል፣ ሰውየው ሐኪም ቤት ሲሄድ ይገኝበታል። ስለዚህ ድንጋጤው ብቻውን አመጣው ለማለት ይከብዳል፣ እናትህም ከመሬት ተነስታ አላወራችም። አትከራከራት። እሷ ስለ ስኳር ስታወራህ ስለ አባትህ ነው የምታወራው።

የሚያሰጋኝ አንድ ነገር ነው። «በድንጋጤ የመጣ ነው፣ ሐዘኑ ሲወጣልኝ ይሄዳል» ብላ መድኃኒቷን እንዳታቆም። የአብሽ ውሃውን ወይም ግብጦውን ብትወድ ለሐኪሟ ትንገር፣ በኪኒኑ ምትክ ግን አይሆንም። ይሄን እንዲያስረዳት አጠገቧ ያለ፣ የምትሰማው ሰው ፈልግ፣ እህትህ ወይም ጎረቤት ትሁን።

አንተ ደግሞ ነገ ስትደውል ስለ ቁጥሩ አትጠይቃት። ቡና ከእነማን ጋር እንደጠጣች ጠይቃት፣ ስለ አባትህ ልታወራ ከጀመረች ዝም ብለህ ስማት። ስኳሩን ራሷ ታነሳልሃለች።