መልስ፦ በአርቪ ረጅም ጉዞ ላይ የቤት ሥራው እንዴት ይያዛል?

ለአንድ ወር በአርቪ፣ ማለትም መኝታ፣ ማብሰያና ሽንት ቤት ባለው እንደ ቤት በሚኖሩበት መኪና፣ ልትጓዙ ነው፤ ዕቃ ማጠቡ፣ ልብሱና ሽንት ቤቱ አሳስቧችኋል። ከሽንት ቤቱ ልጀምር፤ ሰው ሁሉ የሚፈራው እሱን ነው።

ብዙውን ጊዜ መኪናው ሦስት ታንከር አለው፦ የንጹሕ ውኃ፣ የእጣቢና የሽንት ቤት። ከፍሳሽ መስመር ጋር አገናኝታችሁ አንድ ቦታ ለቀናት ብትቆሙም የሽንት ቤቱን ታንከር የማፍሰሻ መዝጊያ ክፍት አትተዉት። ፈሳሹ ብቻ ይወርድና ጠጣሩ ከታች ይቆለላል። ከደረቀ በኋላ ማስለቀቁ መከራ ነው። ዝጉትና በተጠቀማችሁ ቁጥር ውኃ ሳትሰስቱ ልቀቁበት። ሁለት ሦስተኛ ያህል ሲሞላ በተፈቀደው ቦታ አፍስሱት። መጀመሪያ የሽንት ቤቱን፣ ቀጥሎ እጣቢውን፤ የሳሙናው ውኃ ቱቦውን እያጠበ ይወርዳል። ጓንት አድርጉ። የመጠጥ ውኃ የምትሞሉበት ቱቦ ለብቻው ይቀመጥ፤ በዚህ ቀልድ የለም።

ሳህኑን ከማጠባችሁ በፊት በወረቀት ጥረጉት፤ ውኃም ይቆጥባል፣ እጣቢውም አይሸትም። ገላ ስትታጠቡ ሰውነታችሁን አርጥባችሁ ውኃውን ዝጉ፣ ሳሙና ተቀቡ፣ ከዚያ ክፈቱት። ልብስ በሳምንት አንዴ ማጠብ ይበቃል።

ከመነሳታችሁ በፊት የጣሪያውን መስኮት፣ መወጣጫውን፣ ቁም ሳጥኑንና ጋዙን እዩ። እኔ አንዴ ፍሪጁን ሳልቆልፍ ተነሳሁ። ገና መጀመሪያው ኩርባ ላይ እንቁላሉ ወለሉ ላይ ተፈጠፈጠ። ምንጣፉ ውስጥ ገብቶ ለሦስት ቀን ሸተተን። ከዚያ ወዲህ አንዳችን ውስጡን፣ አንዳችን ውጪውን ሳናይ ሞተር አናስነሳም።