ጣቢያውን ሳታውቁ ቁጥሩን አትመኑ

ሰሞኑን አንድ በቅርቡ የተመረቀ የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያ ጥያቄ ላከልኝ። ጥያቄው ሰሜን ሸዋ ደጋ ላይ ስላለ አንድ ጣቢያ ነው። ልጁ የየወሩን የዝናብ ድምር በግራፍ አውጥቶታል። እስከ አንድ ዓመት ድረስ ደህና ይሄዳል። ከዚያ ወዲህ ግን ሁሉም ወር ዝቅ ይላል። ሐምሌም መጋቢትም። "ጋሼ፣ ይሄ የአየር ንብረት ለውጥ ነው?" ይለኛል።

አይመስለኝም። ጣቢያውን አውቀዋለሁ። ሙሉ መልስ ግን ልሰጠው አልቻልኩም። ነገሩ እኔንም ለዓመታት ሲከነክነኝ ስለኖረ፣ ለእሱ የጀመርኩትን መልስ ለሁላችሁም ላድርገው።

በወጣትነቴ ሥራዬ ከየጣቢያው የሚመጣውን ወርሃዊ ቅጽ ሰብስቦ ማጣራት ነበር። ያኔ ቅጽ የሚመጣው በፖስታ ነው። ፖስታው ሲዘገይ መኪና ተይዞ ይኬዳል። እዚያ ጣቢያ የደረስኩትም በዚህ ምክንያት ነው። አራተኛ ደረጃ የምንለው፣ ዝናብ ብቻ የሚለካበት ጣቢያ ነው። መለኪያው የቆመው ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ነበር። የሚያነቡት ደግሞ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ናቸው።

ማታውን ዘንቦ ነበር ያደረው። ጠዋት 3 ሰዓት ሲሆን ጋቢያቸውን አጣፍተው ወደ መለኪያው ሄዱ። የተጠራቀመውን ውሃ ወደ መለኪያው ብርጭቆ ቀስ አድርገው አንቆረቆሩት። ብርጭቆውን ወደ ዓይናቸው አላነሱትም። ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አስቀምጠው እሳቸው ጎንበስ አሉ፤ ዓይናቸው ከውሃው እኩል እስኪሆን ድረስ። ውሃ ብርጭቆ ውስጥ ዳር ዳሩ ትንሽ ከፍ ይላል። እሳቸው የሚያነቡት ዝቅ ያለውን መሀሉን ነው። አነበቡና ጻፉ። እንደገና ጎንበስ ብለው አነበቡ። ውሃውን የደፉት ከዚያ በኋላ ነው። እንዲህ ሲያደርጉ ማንም አይቆጣጠራቸውም። የሚከፈላቸውም ለስም ያህል ነበር።

ከቅጹ ሌላ አንድ የተማሪ ደብተር ነበራቸው። ቅጹ ላይ ቦታ ያጣውን ሁሉ እዚያ ላይ ይጽፋሉ። "በረዶ ጣለ፣ የበልጉን ገብስ መታው።" "ሌሊቱን ውርጭ ነበር።" "ለቅሶ ሄጄ አልለካሁም፤ የዛሬው የሁለት ቀን ውሃ ነው።" ይቺ የመጨረሻዋ ብቻ ለአንድ አጣሪ ምን ማለት እንደሆነች የሠራበት ያውቃል። ቅጹ ላይ የሚታየው አንድ ባዶ ቀንና ከመጠን ያለፈ ዝናብ የጣለበት ሌላ ቀን ነውና።

ገጹን ስገልጥ አንድ ሌላ መስመር አየሁ። "መለኪያው ከዛሬ ጀምሮ ወደ ታችኛው ግቢ ተዛውሯል፤ በቦታው አዲስ ክፍል ሊሠራ ነው" ይላል። ቀና ብዬ ታችኛውን ግቢ አየሁት። ዳር ዳሩን ረጃጅም ባሕር ዛፍ ተደርድሮበታል። መለኪያ ከዛፍም ሆነ ከቤት ቢያንስ የቁመቱን እጥፍ መራቅ አለበት። አለዚያ ነፋስ እያዘነበለ የሚያመጣውን ዝናብ ዛፉ ይቀማዋል። ይሄኛው መለኪያ ከዛፎቹ የነበረው ርቀት የአንዱን ቁመት እንኳን አይሞላም።

"ይሄንንም ውሰደው ልጄ፣ እኔ ሌላ እጀምራለሁ" አሉና ደብተሩን ሰጡኝ። ይዤው መጣሁ። መሥሪያ ቤት ስደርስ "ቅጹ ይበቃል፣ ደብተር የሚገባበት ፋይል የለም" ተባለ። እንዲያም ሆኖ መደርደሪያ ላይ አኖርኩት። በኋላ ቢሮ ሲዛወር ቅጽ ያልሆነ ወረቀት ሁሉ ተለይቶ ተወገደ። እኔ መስክ ላይ ነበርኩ። በ1983 ዓ.ም. አካባቢ ደግሞ የብዙ ጣቢያዎች ንባብ ተቋረጠ፤ የዚያን ዘመን መረጃ የነካ ሁሉ ክፍተቱን ያውቀዋል። አገር ሲረጋጋ ሰው ልከን ስናስጠይቅ ሽማግሌው በሕይወት የሉም።

ያቺን መስመር በዓይኔ አይቻታለሁ። ቀኗን ግን አላስታውሰውም። ለልጁ ሙሉ መልስ የነሳሁት ለዚህ ነው።

በእርግጥ ሌላ ዘዴ አለ። የጣቢያውን የተጠራቀመ ድምር ከጎረቤት ጣቢያዎች ድምር ጋር አብራችሁ ብታስቀምጡ መስመሩ የሚሰበርበት ዓመት ይታያል። ዳብል ማስ ከርቭ የምትሉት ነው። ችግሩ፣ ስብራቱን እንጂ ዛፉን አያሳይም። ምክንያቱን የሚነግራችሁ እዚያ የነበረ ሰው ነው። እናንተ ደግሞ ስልክ አላችሁ። ደውሉ። "መለኪያው ተነስቶ ያውቃል? አጠገቡ ምን ተሠራ?" ብላችሁ ጠይቁ። የነገሯችሁን ከነቀኑ ጽፋችሁ ከመረጃው ጋር አኑሩት፤ ሌላ ፋይል ውስጥ ከገባ ጠፋ ማለት ነው።

የዛሬ ልጆች ፈጣን ናችሁ። ፍጥነታችሁ ግን አንዳንዴ ያስፈራኛል። የዝናብ መለኪያ በእጁ ሳይነካ ማስተርሱን የጨረሰ ልጅ አጋጥሞኛል። መስክ ውጡ ሲባል አበል ከሌለ ማን ይወጣል የሚልም አለ። ቢሮ ተቀምጦ የአየር ጠባይ ባለሙያ መሆን አይቻልም፤ እምነቴ ይሄ ነው። ይህን እያልኩ ደግሞ፣ እኛ በእጅ ስናጣራ ለዓመታት ያለፈንን ስህተት አንዲት ልጅ ከወንበሯ ሳትነሳ በግማሽ ቀን ስታወጣው አይቻለሁ። የአንድ ጣቢያ የግንቦት ንባብ እንዳለ ለሌላ ጣቢያ ተገልብጦ ነበር። ያን ቀን ከልቤ ኮራሁባት።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እላለሁ። ባዶ ቀን ዜሮ አይደለም። ዜሮ ማለት ሰው ሄዶ አይቶ ውሃ አጣ ማለት ነው። ባዶ ማለት ማንም አላየም ማለት ነው። ነሐሴ ላይ አምስት ባዶ ቀን ያለበትን ጣቢያ ዝም ብላችሁ ከደመራችሁት ያልደረሰ ድርቅ ፈጠራችሁ። በአማካይ መሙላትም አልወድም። ምርት ለሚገምተው የሰብል ሞዴል መሙላት የግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ፣ እኔም ሞልቼ አውቃለሁ። የተሞላው ቀን ግን ምልክት ይደረግበት።

ሳተላይት እያለ የሰው ንባብ ምን ይሠራል የሚለውን ጥያቄ ሁልጊዜ እሰማዋለሁ። ብዙዎቹ የሳተላይት ግምቶች የሚነሱት ከደመናው ጫፍ ቅዝቃዜ ነው። ተራሮቻችን ላይ ብዙ ሽቅብ ሳይወጣ የሚዘንብ ደመና አለ፤ እሱ ያመልጣቸዋል። ግምቱ የሚታረመውም በመሬት ጣቢያ ነው። ጣቢያዎቻችን ደግሞ በአብዛኛው መኪና መንገድና ከተማ ተከትለው የተተከሉ ናቸው።

ወርሃዊ መግለጫ ስትጽፉ ለማን እንደምትጽፉ አትርሱ። የእኛ ቅጽ በፈረንጅ ወር ነው የሚሞላው። ጁላይ ማለት ከሰኔ 24 እስከ ሐምሌ 24 ነው። ለገበሬ "የሐምሌ ዝናብ ጥሩ ነበር" ስትሉት ሰኔ መጨረሻ የጣለውን ጭምር እየቆጠራችሁለት ነው። የሐምሌ መጨረሻ ደረቅ ከነበረ ደግሞ አያምናችሁም፣ ትክክልም ነው። ድምሩ ብቻውን አይበቃም። ስንት ቀን ዘነበ፣ በመሀል ስንት ቀን ተቋረጠ፣ ይሄን ጨምሩ።

ከመደበኛው፣ ማለትም ከብዙ ዓመቱ አማካይ ጋር ስታነጻጽሩም በመቶኛ ብቻ አትጻፉ። የታኅሣሥ መደበኛው 2 ሚሊ ሜትር የሆነ ቦታ 10 ሚሊ ሜትር ቢያገኝ 500 በመቶ ይሆናል። ካርታው አረንጓዴ ይለብሳል። መሬት ላይ ግን ያ ውሃ አቧራ ከማጥፋት አያልፍም። ያልተሰበሰበ እህል ካለ ጭራሽ ጉዳት ነው።

ሌላው የሚያንገበግበኝ ነገር ወቅት ነው። ጥቅምት ሲመጣ "በጋ ገባ" ብለን እንጽፋለን። ለደብረ ብርሃን እውነት ነው፤ ሰማዩ ይጠራል፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጭ ይመጣል። ለቦረና ግን ጥቅምት የሀገያ ዝናብ የሚጠበቅበት ወር ነው። ለሶማሌ አርብቶ አደርም ዴይር የሚለው የዝናብ ወቅት ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. እነዚያ አካባቢዎች አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ሲከዳቸው ከብቱ አለቀ። ወቅቱ ለሰሜኑ በጋ ስለሆነ ብቻ "ደረቅ ሆኖ ሰንብቷል" የሚል ዓረፍተ ነገር ለያቤሎ ሰው ምን ይነግረዋል? ስለዚህ የጥቅምትን መግለጫ ከደቡብ ጀምሩት። ከያቤሎ፣ ከሞያሌ፣ ከጎዴ። የሰሜኑ ፀሐይ ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ይደርሳል።