ጠይቁኝ፦ የመኪናውን ብር በምን ልክፈል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ሰኞ ገበያ ልብስ ነጋዴ ነኝ። ኮምቦልቻ አንዲት ያገለገለች ቪትዝ አግኝቼ በ1.4 ሚሊዮን ብር ተስማምተናል። ባለቤቱ አዲስ አበባ ነው የሚኖረው፤ የሚሸጥልኝ ወኪሉ ነው። አጎቴ ጥሬ ብር ቆጥረሽ ስጪ ይለኛል። ወንድሜ በሞባይል ላኪው ይላል። ደላላው ደግሞ ዛሬውኑ 200,000 ብር ቀብድ በእሱ አካውንት እንዳስገባለት ይፈልጋል። ውሉ ላይም ዋጋው 500,000 ብር ተብሎ ይጻፍ፣ ወጪሽ ይቀንሳል አለኝ። የማንን ልስማ? (ከደሴ)

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ። እስካሁን አንድም ብር ከእጅሽ አልወጣም፤ መልካም ጊዜ ላይ ነው የጠየቅሽኝ።

ፒያሳ ባለ አንድ ባንክ መስኮት ላይ በሠራሁባቸው ዓመታት ብዙ የመኪና ብር በእጄ አልፏል። ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ እንደ አንቺው ነበር፤ በጥሬ፣ በቼክ ወይስ በሲፒኦ (ባንኩ ራሱ በሚከፍለው የክፍያ ማዘዣ)? እያለቀሱ የሚመጡት ግን ብዙውን ጊዜ ብሩን በማይገባ ሰው ስም ያስገቡት ነበሩ። ስለዚህ በምን ልክፈል ከማለትሽ በፊት ለማን እና መቼ የሚለውን ጨርሺ። ለማን? ሊብሬው ላይ ስሙ ላለው ሰው። መቼ? ውሉ በሚፈረምበት ቀን፣ እዚያው።

ደላላው በራሱ አካውንት አስገቢ ሲልሽ እሺ እንዳትዪ። ክፉ ሰው ነው አላልኩም። ነገሩ ቢፈርስ ግን ባለቤቱ "እኔ ምንም አልተቀበልኩም" ቢልሽ እውነቱን ነው። ደላላው የሚገባው ኮሚሽኑ ብቻ ነው፤ እሱንም የምትሰጪው ሥራው ሲያልቅ ነው።

ቀብዱን በተመለከተ፣ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ግልጽ ነው። አንቀጽ 1885 እንደሚለው፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ሐሳቡን ከቀየረ ቀብዱ ይቀርበታል። የተቀበለው ከቀየረ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ጥሩ ሕግ ነው፤ ግን የሚጠቅምሽ የሰጠሽው ገንዘብ ቀብድ መሆኑ በጽሑፍ ካለ ነው። 200,000 ብር ለቀብድ በዝቷል። አንቺም ብትተዪው እኮ የምታጪው ያንኑ ነው። ትንሽ አድርጊው፣ በባለቤቱ አካውንት አስገቢው፣ የመኪናዋን የሰሌዳና የሻንሲ ቁጥር ጽፋችሁ ምስክር አስፈርሙ።

አሁን ወደ አጎትሽ ልምጣ። የጥሬ ብር ፍቅሩ ይገባኛል፤ በእጅ የተቆጠረ ነገር ልብ ያሳርፋል። ግን 1.4 ሚሊዮን ብር በባለ 200 ኖት 7,000 ቅጠል ነው፤ 70 እስር ማለት ነው። ይህን ይዘሽ የሐረጎን ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ልትወርጂ? ቆጠራው አለ፣ ሐሰተኛ ኖት አለ፣ መንገዱም አለ። በዚያ ላይ ብሔራዊ ባንክ በ2012 ዓ.ም. ጥሬ ገንዘብ ከባንክ ማውጣት ላይ ገደብ ካወጣ ወዲህ መመሪያው ሲለዋወጥ ቆይቷል። ከሁሉ በላይ ግን ጥሬ ብር ዱካ የለውም። ነገ ክርክር ቢነሳ በምን ታሳያለሽ?

ወንድምሽ ያለው የሞባይል ዝውውር ለቀብዱ ይሆናል። ለሙሉው ግን አይመችም፤ ባንኮቹም ቴሌብርም የቀን ጣሪያ አላቸው፣ በአንድ ጊዜ አይሄድልሽም። ለሻጭ ደግሞ ሌላ አደጋ አለው። አንድ ደንበኛችን ስልኩ ላይ የገባ መልእክት አይቶ ብቻ የመኪናውን ቁልፍ አስረከበ። እኔ ዘንድ ሲመጣ አካውንቱ ውስጥ ምንም የለም። መልእክቱ ከባንክ የተላከ አይደለም፤ ሰው ራሱ ጽፎ የላከው ነው። መልእክትም የስክሪን ፎቶም ክፍያ አይደለም፤ ክፍያ ማለት አካውንትሽን ከፍተሽ ቀሪ ሒሳብሽ ላይ የምታዪው ነው።

እኔ ለአንቺ የምመርጠው ሲፒኦ ነው። ወደ ባንክሽ ትሄጃለሽ፤ ገንዘቡ ከአካውንትሽ ወዲያው ይቀነስና ባንኩ በባለቤቱ ሙሉ ስም ያዘጋጅልሻል። ከዚያ በኋላ የሚከፍለው ባንኩ ነው፤ እንደ ቼክ "ስንቅ የለውም" አይባልም። ስምምነቱ ከፈረሰ ዋናውን ወረቀት መልሰሽ ብሩን አካውንትሽ ታስገቢያለሽ። ስሙ ሊብሬው ላይ ካለው ጋር በፊደል መግጠሙን እዚያው መስኮቱ ላይ ሆነሽ አንብቢ።

ሁለታችሁም አንድ ባንክ ከሆናችሁ ከቅርንጫፍ በቀጥታ ማዛወርም እኩል ጥሩ ነው፤ ወዲያው ይገባል። ባንካችሁ ከተለያየ በሥራ ሰዓት ስለሚሠራ ጠዋት ጀምሩት። አርብ ከሰዓት አትጀምሩ።

ከመክፈልሽ በፊት ሦስት ነገር ላስቸግርሽ። ውክልናው የመሸጥ ሥልጣን በግልጽ እንደሚሰጥና እንዳልተሻረ፣ ከተሰጠበት ውልና ማስረጃ አረጋግጪ። ባለቤቱንም ራስሽ ደውለሽ አነጋግሪው፤ አካውንቱን ከራሱ አፍ ስሚ። የጋብቻውን ነገርም ጠይቂ፣ ባለትዳር ከሆነ የሚስቱ ስምምነት ያስፈልጋል። ቀጥሎ የመኪናዋ ፋይል ያለበት ትራንስፖርት ቢሮ ሄደሽ ዕዳና እገዳ እንደሌለባት፣ ቀረጧም የተከፈለ መሆኑን አጣሪ። የባንክ ዕዳ ካለባት ተስፋ አትቁረጪ፤ ከብሩ ላይ ዕዳውን በቀጥታ ለአበዳሪው ባንክ ከፍለሽ፣ እገዳው መነሳቱን በደብዳቤ ካየሽ በኋላ ቀሪውን ለባለቤቱ ትሰጫለሽ። ሦስተኛው የገንዘብ ነገር አይደለም፤ መካኒክ ይዘሽ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ንጃት። ያ ዳገት የሞተሩን ጤና ይነግርሻል፤ ስትመለሱ ደግሞ ፍሬኑን።

ውሉ ላይ 500,000 ይጻፍ የሚለው ምክር በጣም ያሳስበኛል። ነገ መኪናዋ በፍርድ ቤት ብትያዝና ውሉ ቢፈርስ፣ ይመለስልኝ ብለሽ በወረቀት የምታሳዪው 500,000 ነው። 900,000 ብርሽን ማን ይመሰክርልሻል? የሐሰት ዋጋ አስመዝግበሽ መፈረምም በራሱ ያስጠይቅሻል። 1.4 ሚሊዮን ተብሎ ይጻፍ። የሲፒኦው ቁጥር፣ ቀኑና የባንኩ ስም ውሉ ውስጥ ይግባ። ሻጩ እምቢ ካለ ሌላ መኪና ፈልጊ፤ ቪትዝ በአገሩ ሞልቷል።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ነኝ፤ ኤፍኤስአር የጭነት መኪናዬን ልሸጥ ነው። ገዢው ግማሹን አሁን በዝውውር፣ ግማሹን ከሁለት ወር በኋላ በሚመነዘር ቼክ ልስጥህ አለኝ። ሰውየው የታወቀ ነጋዴ ነው። ልቀበል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ስም ሳታዞር ከሆነ አስብበት፤ ስም አዙረህ ከሆነ ግን አይሆንም። ስንቅ የሌለው ቼክ መስጠት በወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 693 ያስቀጣል፤ ግን የሰውየው መታሰር ብርህን አይመልስልህም። ጊዜ ልትሰጠው ከፈለግህ የዱቤ ሽያጭ መሆኑ በውሉ ላይ በግልጽ ይጻፍ፣ ቀሪው እስኪከፈል መኪናው ላይ እገዳ ይመዝገብልህ። ካልሆነ ባንክ ያበድረው፤ ባንኩ ለአንተ በሲፒኦ ይክፈልህ። ሲፒኦውን ስትቀበልም ቁልፉን ከመስጠትህ በፊት የሰጠው ቅርንጫፍ ድረስ ሄደህ ወይም በራስህ ባንክ በኩል አረጋግጥ። ወረቀቱ ላይ በተጻፈው ስልክ አትደውል።